ውሃው እንዳይቆም፦ ስለ ከተማ ፏፏቴዎች አሠራርና አጠባበቅ በጎንደር የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ የከተማችን አባቶችና እናቶች፣ የማዘጋጃ ቤትና የቅርስ ጥበቃ ባለሙያዎች፣ ውድ የሥነ ሕንፃ ተማሪዎች፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ባደግሁባት ከተማ ቆሜ ስለ ሙያዬ እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። የዛሬው ርእሴ ሰው በከተማ መካከል በአርማታ፣ በቱቦና በፓምፕ የሚሠራው ፏፏቴና በዙሪያው የሚዘረጋው መናፈሻ ነው። ርእሱ ከጎንደር የራቀ የመሰለው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም፤ ጥር 10 ቀን የምናከብረውን በዓል ስም ብቻ አስታውሰዋለሁ። ከተራ እንላለን። ታቦታቱ ከየመንበራቸው ወጥተው ወደ ጥምቀተ ባሕር የሚወርዱበት ቀን መሆኑን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉም ያውቃል፤ ቃሉ ግን «ከተረ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን ውሃን መገደብን፣ ማገድንና ማጠራቀምን ያመለክታል። እንግዲህ በዓሉ የተጠራው በውሃ ሥራ ስም ነው። ካህኑና ምእመኑ ከመድረሳቸው አስቀድሞ ወንዝ የሚከትር፣ ቦይ የሚጠርግና የገንዳውን ወለል የሚያጸዳ ሰው መኖሩን ቋንቋችን አልረሳውም።

ልጅ ሳለሁ አያቴ ከበዓሉ ቀናት ቀደም ብለው እጄን ይዘው ወደ ፋሲል መዋኛ ይወስዱኝ ነበር። ሌላው ሰው የሚመጣው ለበዓሉ ነው፤ እሳቸው የሚወዱት ግን ገንዳው ሲሞላ ማየት ነበር። ከቀሃ ወንዝ የሚመጣው ውሃ መጀመሪያ ሲገባ ደፍርሶ፣ ደረቅ ቅጠልና ገለባ ከፊቱ እየገፋ፣ አንዱን ስርጉድ ቦታ ሞልቶ ወደ ሌላው እየተሻገረ በሰፊው ወለል ላይ ቀስ ብሎ ይዘረጋል። ውሃው ረግቶ የመካከለኛው ግንብ ጥላ ሲወድቅበት አያቴ «አሁን ነቃ» ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሙያዬ ምክንያት ብዙ ፏፏቴ አይቻለሁ፤ የአብዛኞቹ ዕድሜ ከአንድ የሥራ ዘመን አይበልጥም። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የኖረው ገንዳ በየዓመቱ እየሞላ፣ ሪባኑ ትናንት የተቆረጠለት ፏፏቴ ለምን ይደርቃል? ይህ ጥያቄ ነው ዛሬ በእናንተ ፊት ያቆመኝ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። ከዚህ በኋላ ስለ ውጭ አገር የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ፣ በኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ የምትባል ከተማ አለች። በ1960ዎቹ ላውረንስ ሃልፕሪን የተባለው የመልክዓ ምድር አርክቴክት ከባልደረቦቹ ጋር በዚያች ከተማ መኪና በማይገባባቸው የእግር መንገዶች የተያያዙ መናፈሻዎችን ነደፈ። ከላይ በኩል ትንሽ የምንጭ ፏፏቴ አለ። ቀጥሎ በ1966 የተሠራው የላቭጆይ ፏፏቴ ይመጣል፤ ሃልፕሪን በሲዬራ ኔቫዳ ተራሮች እየተዘዋወረ በማስታወሻ ደብተሩ የሣላቸውን የተራራ ጅረቶች መሠረት አድርጎ የተነደፈ የአርማታ እርከን ነው። ከእሱ በኋላ ውሃው ይጠፋና በሣርና በዛፍ የተሸፈኑ ጉብታዎች ያሉት የፔቲግሮቭ መናፈሻ ይከተላል። መጨረሻ ላይ ጆሮን የሚሞላው ታላቁ ፏፏቴ ይገኛል። በእግሩ የሚሄድ ሰው ምንጩን፣ ጅረቱን፣ ጫካውንና ገደሉን በየተራ ያልፋል። ያን ሁሉ የሚያየው በቢሮ ሕንፃዎች መካከል ነው።

በታላቁ ፏፏቴ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ለሙያው ተማሪዎች ከእሱ የተሻለ መማሪያ አላውቅም። የነደፈችው በሃልፕሪን ቢሮ ትሠራ የነበረችው አንጀላ ዳናድጂዬቫ ናት። ቡልጋሪያዊት ስትሆን ወደ አሜሪካ ከመሄዷ በፊት በአገሯ ለፊልም የትዕይንት ቦታ ትነድፍ ነበር፤ ይህ ልምዷ በሥራዋ ላይ ይታያል። ከላይኛው መንገድ የሚመጣ ሰው የሚያገኘው በዛፍ ጥላ ሥር ቀስ ብለው የሚፈስሱ ጠባብ ቦዮችን ነው። ቦዮቹ እየተገናኙ ይሰፋሉ፤ ከዚያም ድንገት ከማዕዘናማ የአርማታ ገደሎች ላይ ይወረወራሉ። ከታች፣ በገንዳው ውስጥ፣ በውሃ የተከበቡ ጠፍጣፋ የአርማታ መድረኮች ተደርድረዋል። በእነሱ ላይ እየተረማመዱ ፏፏቴው ድረስ መቅረብ፣ መቀመጥ፣ ልጅ ማጫወት፣ ቢሹም መዘመር ይቻላል። የሃልፕሪን ባለቤት አና ሃልፕሪን ስመ ጥር ዳንሰኛ ነበረች፤ እሱም ሰው በአንድ ቦታ ላይ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በወረቀት የሚያሰፍርበት የራሱ የአጻጻፍ ዘዴ ነበረው። ስለዚህ በዚያ ቢሮ ደረጃ ሲነደፍ እግር የት እንደሚያርፍና ዓይን መቼ እንደሚነሣ አብሮ ይታሰብ ነበር።

ታላቁ ፏፏቴ የተመረቀው በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 16 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው። ዓመቱ በእኛም አገር ተማሪው የተነሣበት፣ ደም የፈሰሰበት ዓመት መሆኑን በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሳላችሁ። በፖርትላንድም ከምረቃው ጥቂት ሳምንታት በፊት በቬትናም ጦርነት ምክንያት ተማሪዎችና ፖሊሶች ተጋጭተው ነበር። ወጣቶቹ ወደ ምረቃው በብዛት መጡ፤ ሃልፕሪንም ንግግሩን እንደጨረሰ ከነልብሱ ውሃው ውስጥ ገባ። ይህን ታሪክ ለጎንደር ሰው ሳወራ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ጥምቀት ሲባረክ የእኛ ወጣቶች ከግንቡ ጠርዝ ላይ እየተወረወሩ ሲገቡ ሁላችሁም አይታችኋል። እርግጥ አንዱ ሃይማኖታዊ ሥርዓት ነው፣ ሌላው የከተማ መዝናኛ ነው፤ አላምታታቸውም። በንድፍ ዓይን ሲታዩ ግን ሁለቱም ቦታዎች ሰው ከውሃው ጋር እንዲገናኝ ታስበው የተሠሩ ናቸው። በየአደባባዩ ካሉት፣ በአጥር ታጥረው በመኪና እየዞሩ ከሚታዩ ፏፏቴዎች የሚለዩትም በዚህ ነው።

አንድ ደስ የማይል ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን እናንተን ማታለል ይሆንብኛል። እነዚህ መናፈሻዎች የተሠሩበት መሬት ባዶ አልነበረም። የአይሁድና የጣሊያን ስደተኞች የሚበዙበት ሰፈር ነበር፤ ከተማዋን እናድሳለን በሚል ፈርሶ ነዋሪው ተበተነ። ታላቁ ፏፏቴም ከ1978 ጀምሮ የሚጠራው በአይራ ኬለር ስም ነው፤ ኬለር ያንን የማፍረስ ሥራ የመራው የከተማ ልማት ኮሚሽን ሊቀ መንበር ነበር። አንድን ቦታ ስንወደው ሥሩ ያረፈበትን ሐዘን አብረን መጥራት እንዳለብን ይሰማኛል። እኛም ለዚህ ባዕድ አይደለንም። የፒያሳችን አቀማመጥ ጌራርዶ ቦዚዮ በጣሊያን ወረራ ዘመን ካወጣው ፕላን ጋር የተያያዘ ነው፤ የዚያ ዘመን ፕላን ደግሞ ሰውን በዘር ለይቶ ለማስፈር የታሰበ ነበር። ዛሬ ግን በፖስታ ቤቱ ደጃፍ የሚቀጣጠረው፣ ከሲኒማው ፊት ለፊት ቡና የሚጠጣው የጎንደር ሰው ነው። እነዚያ ጌጥ የሌላቸው፣ መስመራቸው ቀላል የሆነ ሕንፃዎች ከዐፄ ፋሲል ግንብ ጎን ሲታዩ አንዳንዱ «እነዚህም ቅርስ ናቸው?» ይላል። ናቸው ባይ ነኝ። የሠራቸውን ኃይል ሳናወድስ ሕንፃውን መጠበቅ እንችላለን።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ከላይ የጠቀስሁት የኬለር ፏፏቴ በደቂቃ 13 ሺህ ጋሎን፣ ማለት 49 ሺህ ሊትር ያህል ውሃ ያፈስሳል። በእኛ መለኪያ በየደቂቃው ወደ 2,450 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ይህን ቁጥር ስጠራ ከመካከላችሁ አንገቱን የሚነቀንቅ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ለእኛ ተረት ብቻ አይደለም። ቦኖ ላይ ተሰልፎ ያደገ፣ ዛሬም ቧንቧው በፈረቃ የሚመጣለት ሰው ከተማ መካከል ውሃ ሲፏልል ሲያይ ቢቆጣ እውነት አለው። ነገር ግን የዚህ ዓይነት ፏፏቴ ውሃ አይፈስስም፤ ይዞራል። ከታችኛው ገንዳ በፓምፕ ይሳባል፣ በማጣሪያ ያልፋል፣ ወደ ላይ ይገፋል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይሳባል። የሚጨመርለት በትነትና በፍንጣቂ የጠፋው፣ እንዲሁም በጽዳት ጊዜ የሚለወጠው ብቻ ነው። ብዙ ውሃ የሚበላ ፏፏቴ ካያችሁ ብዙውን ጊዜ የሚያፈስስ ስንጥቅ አለበት፤ ወይም ገንዳው ሲነደፍ አንድ ስሌት ተዘንግቷል ማለት ነው።

ያ ስሌት ይህ ነው። ፓምፑ ሲጠፋ በአየር ላይ ያለው፣ በላይኞቹ ቦዮች ውስጥ የነበረውና ገና በመውረድ ላይ ያለው ውሃ ሁሉ ወደ ታችኛው ገንዳ ይመለሳል። ገንዳው ያንን ትርፍ የሚይዝ ባዶ ቦታ ካልተተወለት ውሃው በጠርዙ ሞልቶ ይፈስሳል፤ በማግሥቱ ፓምፑ ሲነሣ ደግሞ ውሃ ያንሰዋል። መብራት በቀን ሦስት ጊዜ በሚጠፋበት ከተማ ይህ በቀን ሦስት ጊዜ ይሆናል።

ሌላው ጉዳይ የፏፏቴው ከንፈር ነው። ውሃ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ እንዲወርድ የሚወርድበት ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር በውሃ ልክ መስተካከል አለበት። አንዱ ጫፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ውሃው ሁሉ ወደዚያ ይሰበሰብና ሌላው ወገን ደርቆ ይቀራል። ከከንፈሩ ሥር ደግሞ ቀጭን መስመር ካልተቦረቦረ ውሃው በመወርወር ፈንታ ግድግዳውን ተለጥፎ እየተንሸራተተ ይወርዳል፤ ግድግዳውም ይወይባል፣ ሻጋታ ያበቅላል። እነዚህ ነገሮች በምረቃ ዕለት ፎቶግራፍ ላይ አይታዩም።

ስለ ሌላው ሰው ጥፋት ብቻ እንዳላወራ የራሴንም ልናዘዝ። ከዐሥር ዓመት በፊት በሌላ ከተማ ለአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ አነስተኛ የእርከን ፏፏቴ ነድፌ ነበር። ሲመረቅ አምሮ ነበር፤ እኔም ኮራሁበት። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያ ሳልፍ ጎራ ብል የላይኛው ገንዳ በአፈር ተሞልቶ ጎመን ተተክሎበት አገኘሁት። ጎመኑ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ጎመን ነበር። ጥበቃውን ምን እንደሆነ ብጠይቀው የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል ነገረኝ። ውሃ ሲያንስ ፓምፑን የሚያጠፋው ተንሳፋፊ ኳስ ተበላሸ፤ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሽቦውን በቀጥታ አገናኝቶ አስነሣው፤ ፓምፑ ያለ ውሃ ሲዞር አድሮ ተቃጠለ። አዲስ ፓምፕ ለመግዛት ጥያቄ ሲቀርብ ልኩን የሚያውቅ ጠፋ። የፓምፕ ቤቱ ቁልፍ የነበረው ወደ ሌላ ቅርንጫፍ በተዛወረ ሰው እጅ ነበር። ንድፉ የት አለ ሲባል ከእኔ ኮምፒዩተር በቀር የትም አልነበረም፤ እኔን ደግሞ የጠየቀ የለም፣ እኔም ልጠይቅ አልሄድሁም። ጥፋቱን በመሥሪያ ቤቱ ላይ ብቻ ልጭን አልፈልግም። ሳስረክብ የሰጠሁት ቁልፍ ብቻ ነበር። ሳራቺኔስካው፣ ማለት የቱቦው መዝጊያና መክፈቻ፣ ወደ የት እንደሚዞር፣ ማጣሪያው በስንት ቀን እንደሚታጠብ፣ ፓምፑ ስንት ሊትር እንደሚገፋ አንድ ገጽ እንኳ ጽፌ አልተውሁም።

ውሃ ያጣ ፏፏቴ ደግሞ ሞቱ ከዚያ ይጀምራል። አርማታ ሁልጊዜ ሲርስ ወይም ሁልጊዜ ሲደርቅ ብዙ አይጎዳም፤ አንዴ እየራሰ አንዴ እየደረቀ በስንጥቁ ውሃና አየር ሲገባ ግን ፌሮው፣ ማለት በአርማታው ውስጥ ያለው ብረት፣ ይዝጋል። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ከውስጥ ሆኖ ይገፋል፤ ሽፋኑም ቅርፊት ቅርፊት እያለ ይረግፋል። የባሰው ጉዳት ግን በሰው ዓይን ላይ የሚደርሰው ነው። ውሃ የሌለበትን የአርማታ ገደል የሚያይ ሰው ንድፉን አያይም። የሚታየው ግራጫ ግድግዳ፣ የውሃ ጠርሙስና የሽንት ሽታ ነው። «ይህን አስቀያሚ ነገር አንሱልን» ይላል። ፏፏቴውን ያስቀየመው ጥገና ማጣት ሆኖ ሳለ የሚከሰሰው ንድፉ ይሆናል።

በዚያው በአሜሪካ፣ በሚኒያፖሊስ ከተማ በሚገኘው ፒቪ ፕላዛ የሆነው በትክክል ይኸው ነው። ፖል ፍሪድበርግ የነደፈው ይህ አደባባይ በ1975 ከአንድ የሙዚቃ አዳራሽ ጎን ተሠራ። በደረጃ እየወረዱ የሚደርሱበት ጎድጓዳ ገንዳ ነበረው፤ በበጋ ውሃው ይፏልልበታል፣ በክረምት በረዶ ሲሆን ሰው ይንሸራተትበታል። ከዓመታት በኋላ ፓምፖቹ ደከሙ፣ ውሃው ቆመ፣ ደረጃው ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ አይመችም የሚል ቅሬታም ተነሣ፤ ይህ ቅሬታ ደግሞ እውነት ነበር። ከተማው አፍርሶ አዲስ ለመሥራት ወሰነ። በ2012 ሁለት የቅርስ ተቆርቋሪ ድርጅቶች ከተማውን ከሰሱ፤ በ2013 ቦታው በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገባ፤ በዚያው ዓመት ክሱ በስምምነት ተዘጋ። በ2019 ታድሶ ሲከፈት የገንዳው ጥልቀት ቀንሶ ስስ የውሃ ንጣፍ ሆኗል፤ ተሽከርካሪ ወንበር የሚወርድበት ተዳፋት መንገድም ተጨምሯል። እርከኖቹ ግን በቦታቸው ናቸው። አንድ ቦታ ሳይፈርስም፣ እንደ ነበረ ሳይቀርም ሊሻሻል እንደሚችል ይህ ያሳያል። በዴንቨር የነበረው የሃልፕሪን ስካይላይን ፓርክ ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም፤ በ2003 አብዛኛው ክፍሉ ፈረሰ።

ፖርትላንዶች የሄዱበት መንገድ ከክስ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። በ2001 መናፈሻዎቹን የሚንከባከብ የዜጎች ማኅበር አቋቋሙ። በ2013 ሁሉንም በአንድ ላይ በአገሪቱ መዝገብ አስገቡ። በዙሪያው ንብረት ያላቸው ሰዎችም የእድሳቱን ወጪ ከከተማው ጋር ለመጋራት ተስማሙ፤ የውሃው ድምፅ የሕንፃቸውን ኪራይ እንደሚያስወድድ ያውቃሉና። ሥራው በ2019 ተጠናቀቀ። ከዚያ ሁሉ የወደድሁት አንድ ነገር ነው፦ የኬለር ፏፏቴ ሲደርቅም ቦታ ነው። ፓምፑ ለጽዳት ሲቆም ሰው በእርከኑ ላይ ይቀመጣል፣ ምሳውን ይበላል። የእኛም መዋኛ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ውሃ የሚቆይ ሆኖ ሳለ፣ የዛፎቹ ሥር ግንቡን እንደ ጣት ጨብጦ፣ በጥላው ሥር ሰው የሚያርፍበት ስፍራ ነው። ውሃ ለሚጎድልባት ከተማ የሚነደፍ ፏፏቴ ሁሉ በመጀመሪያ በዚህ መመዘን አለበት ብዬ አምናለሁ፤ ያለ ውሃ መቀመጫ የማይሆን ከሆነ ባይሠራ ይሻላል።

ስለ ደኅንነት ሳልናገር አላልፍም። በቴክሳስ፣ በፎርት ወርዝ ከተማ፣ ፊሊፕ ጆንሰንና ጆን በርጊ የነደፉት የውሃ መናፈሻ በ1974 ተከፈተ፤ በ2004 አራት ሰዎች፣ ከእነሱም ሦስቱ ልጆች፣ በአንዱ ገንዳ ሰጥመው ሞቱ። ገንዳው ተዘግቶ ቆይቶ ጥልቀቱ እንዲቀንስ ከተደረገ በኋላ በ2007 ተከፈተ። እኛም በ2012 ዓ.ም. በጥምቀት ዕለት በመዋኛው ዙሪያ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ወገኖቻችንን ያጣንበትን ቀን አንረሳውም። ሰው እንዲቀርበው የተሠራ ቦታ ምን ያህል ሰው እንደሚሸከምና ውሃው ስንት ጥልቀት እንዳለው በየጊዜው መለካት አለበት፤ ይህን በዓል በደረሰ ቁጥር እንደ አዲስ ማሰብ አይገባም።

ጥገናን በተመለከተ ደግሞ ጎንደር የተለየ ትምህርት አላት። በጣሊያን ዘመን በግንቦቻችን ጥገና ላይ ሲሚንቶ ገባ፤ ሲሚንቶ ግን ከአሮጌው ድንጋይና ኖራ ጋር አይስማማም፣ እርጥበት ይይዛል፣ ድንጋዩን ያስጨንቃል። በኋላ የመጡት ጠጋኞች እያወጡ በኖራ ተኩት። እኛ የቅርስ ሰዎች ከዚያ ወዲህ ሲሚንቶን እንደ ጠላት ማየት ለምደናል። ሕንፃው ራሱ አርማታ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ትክክለኛው ነባር ቁስ ሲሚንቶው ነው። የሚጠገነውም የአሸዋው ቀለምና የጠጠሩ መጠን ተጠንቶ፣ ካሳፎርማው፣ ማለት አርማታው የፈሰሰበት የጣውላ ቅርጽ፣ ያተመው መስመር እንዲቀጥል ተደርጎ፣ በቅድሚያ በማይታይ ጥግ ተሞክሮ ነው። እኛ ዘንድ የተለመደው መድኃኒት ግን ሴራሚክ መለጠፍ ወይም ቀለም መቀባት ነው። ሴራሚክ የተለጠፈበት ፏፏቴ ባየሁ ቁጥር መታጠቢያ ቤት የገባሁ ይመስለኛል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። በአገራችንም ቢሆን ጥሩ ምሳሌ አለ። አርቱሮ ሜዜዲሚ ነድፎት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በ1961 የተመረቀው በአዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ አዳራሽ በ2024 ታድሶ ሲከፈት፣ የዚያ ዘመን ሕንፃ መልኩን ሳያጣ መታደስ እንደሚችል በዓይናችን አይተናል።

ዛሬ በከተሞቻችን፣ በጎንደርም ጭምር፣ በኮሪደር ልማቱ አዳዲስ መናፈሻዎችና ፏፏቴዎች እየተሠሩ ነው። ከተማ ሲያምር የማይደሰት የለም፤ እኔም ማምሻውን ቤተሰብ ከልጆቹ ጋር ወጥቶ ሲቀመጥ ሳይ ደስ ይለኛል። ለእነዚህ ሥራዎች የምጠይቀው ጥቂት ነው፤ ገንዘቡም ከግንባታው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ሥራ ተቋራጩ ሲያስረክብ የተቀበሩት ቱቦዎች በእውነት ባሉበት ቦታ የተሣሉበትን ንድፍ ሁለት ቅጂ አብሮ ያስረክብ፤ አንዱ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ፣ ሌላው በፓምፕ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይቀመጥ። ትርፍ ፓምፕ ከመጀመሪያው ጋር አብሮ ይገዛ። ለጥበቃና ለጥገና የሚውለው ገንዘብ በየዓመቱ በጀት ውስጥ በራሱ ስም ይጻፍ፤ «ልዩ ልዩ» በሚል አርእስት ሥር የገባ ነገር የት እንደሚቀር የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ሁሉ ያውቃል። ውሃው ቀኑን ሙሉ እንዲፏልል አያስፈልግም፤ ሰው በሚወጣባቸው የማታ ሰዓቶችና በበዓላት ይበቃል፤ የሚጨመርለትም በክረምት ከጣሪያ ከተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ቢሆን ቦኖ ላይ የተሰለፈችው እናት አትበደልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ እያንዳንዱ ፏፏቴ የራሱ ከተራ ይኑረው። በዓመት አንድ የታወቀ ቀን ይወሰንለት፤ በዚያ ቀን ገንዳው ይደርቅ፣ ይጠረግ፣ ስንጥቁ ይመርመር፣ ሳራቺኔስካው ተዘግቶ ይከፈት፤ የሰፈሩ ሰውም ይህን ቆሞ ይይ። የፋሲል መዋኛን እስከ ዛሬ ያቆየው የድንጋዩ ጥንካሬ ብቻ አልነበረም። ጥር 10 ቀን መምጣቱ አይቀርም፣ ያን ቀን ደግሞ ገንዳው ባዶ ሆኖ ሊገኝ አይችልም፤ ስለዚህ በየዓመቱ አንድ ሰው ቦዩን ይጠርጋል።

በመጨረሻ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የማቀርበውም በዚህ አዳራሽ ላሉት ጡረተኞች ነው። በማዘጋጃ ቤት፣ በውሃ አገልግሎት ወይም በግንባታ ሥራ ያገለገላችሁ አባቶችና እናቶች በዚህች ከተማ በየግቢውና በየአደባባዩ የደረቁት ገንዳዎች ቱቦ በየት በኩል እንደሚያልፍ የምታውቁ እናንተ ብቻ ናችሁ። አሮጌ ንድፍ በሣጥናችሁ ያለ እንደሆነ አትጣሉት። ከዚህ ስብሰባ በኋላ ሻይ ስንጠጣ ሦስት ተማሪዎቼ ደብተር ይዘው በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ የምታስታውሱትን ንገሯቸው። «በዚህ ዛፍ ሥር አንድ ሳራቺኔስካ ነበረ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትሆንም ይጽፏታል። ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ከፒያሳ ተነሥተን በእግር እስከ ቀሃ ድረስ እንወርዳለን፤ መሄድ የሚችል ይምጣ፣ ጫማው ግን ጭቃ የማይፈራ ይሁን።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።